እማዬ እንዳትተኛ ያወራሁበት መንገድ

እርጥብ የሽንኩርት ጆንያ ሽታ እስከ ዛሬ ከመንገዴ ያስቆመኛል። ወረታ ገበያ ውስጥ ዝናብ የመታው ሽንኩርት ከጆንያው ሥር መበስበስ ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ፣ እኔ ቆሜ እቀራለሁ፤ የሸራ ጣሪያ ያላት አሮጌ ፒካፕ፣ ወለሏ ላይ የተነጠፈው የሣር ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ የተጋደመችው እናቴ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይመጡብኛል። ያን ጊዜ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ልጅ ነበርኩ።

ቤታችን ከርብ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ ላይ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ርብ ሞልቶ እየወጣ ሜዳውን ያለብሰው ነበር። ሩዝ ውሃ ይወዳልና አባዬ በዚህ እምብዛም አይከፋም፤ እህሉን ቆጥ ላይ አውጥተን፣ ከብቶቹን ከፍታ ላይ ወዳለው ዘመድ ቤት ሰደን፣ እኛ ልጆቹ መደብ ላይ ተሰብስበን ውሃው እስኪጎድል እንጠብቅ ነበር። የሜዳ ልጆች ስለነበርን ተራራን የምናውቀው ከሩቅ ብቻ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በስተምሥራቅ የጉና ራስ ሰማያዊ ሆኖ ይታየን ነበር፤ እዚያ ምን እንዳለ፣ ውሃ ከገደል ሲወርድ ምን እንደሚመስል ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከበደ። እማዬ ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ሆዷ ገፍቶ፣ እግሯ አብጦ፣ ውሃው ደጃፋችን ድረስ መጥቶ ሳለ እንኳ እየተጎነበሰች ጭቃውን ከደጃፉ ትጠርግ ነበር። ለጳጉሜ ሩፋኤል ዝናቡ ሲወርድ እኔና ታናሽ ወንድሜ ምናሉ እንደ ልማዳችን ዝናቡ ውስጥ ገብተን ስንቦርቅ፣ እሷ በራፉ ላይ ቆማ በእጇ በተቀበለችው ውሃ ሆዷን እያሻሸች «ሩፋኤል፣ አንተው ፍታኝ» ስትል ሰማኋት፤ ምጥ የያዛትን ሴት የሚፈታ እሱ ነው ይባላልና። ምጡ በማግስቱ ጀመራት።

ቀኑን ውሎ ሌሊቱን አድሮ አልሆነም። በነጋታው ጎረቤታችን ያሉት አዋላጅ ከጓዳ ወጡና እጃቸውን እየታጠቡ አባዬን «ሞላ፣ ልጁ ተጋድሟል። ይኼ ከኔ እጅ በላይ ነው፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት አድርሳት» አሉት። አባዬ በሬ ሲጠምድ ድምፁ ሜዳውን አቋርጦ የሚሰማ ብርቱ አራሽ ነበር፤ ያን ለት ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጥቶ ሰው ሰበሰበ። ወንዶቹ እማዬን በቃሬዛ ተሸክመው፣ ውሃው አንዳንድ ቦታ ጉልበታቸውን፣ አንዳንድ ቦታ ወገባቸውን እየዋጠ፣ የሩዙን ማሳ እያቋረጡ ወደ መንገዱ አወጧት። ምናሉን ለአዋላጇ ትተን ስንሄድ እኔን ያስከተለኝ የእማዬ እጅ ነበር፤ እጄን ጨብጣ አልለቅም ስላለች አብሬ ተወሰድኩ።

ወረታ ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ሲስተር ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ወጣት ነበረች። እማዬን መርምራ፣ ጉሉኮስ ሰክታላት፣ አባዬን ወደ ጎን ወስዳ «ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፤ እሱ ደግሞ ያለው ደብረ ታቦር ነው። አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ባሕር ዳር ሄዷል፤ እስኪመለስ ብንጠብቅ አይደርስላትም» አለችው። አባዬ ወደ ገበያው ሮጠ። ሲመለስ አያ ደምሌ ከሚባሉ ሽንኩርት አመላላሽ ጋር ነበር፤ ሰውየው ጭነታቸውን ለማራገፍ እንኳ ቦታ ሳይመርጡ ጆንያውን ሁሉ ዝናቡ ላይ ወርውረው ነው የመጡት።

ሲስተሯ ምጥ ላይ ያሉ ሌሎች ሁለት ሴቶች ይዛ ብቻዋን ስለነበረች አብራን መሄድ አልቻለችም። እማዬን ፒካፗ ላይ አስተኝታ ስትጨርስ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ስምሽ ማነው?»

«የኔነሽ።»

«የኔነሽ፣ ስሚኝ። እናትሽ ብዙ ደም ፈሷታል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። መተኛት የለባትም። አውሪያት፣ ጠይቂያት፣ ቆንጥጪያት። ብቻ ዝም እንዳትይ።»

ደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ ስንታጠፍ አባዬ የእማዬን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ባንድ እጁ ጉሉኮሱን ወደ ላይ ይዞ፣ ከንፈሩ ብቻ «ማርያም፣ ማርያም» ይል ነበር። ሸራው በእኔ በኩል ተቀዶ ስለነበር በቀዳዳው ውጭው ይታየኝ ነበር። ምን ብዬ እንደማወራት ጨንቆኝ ዝም ስል እማዬ ራሷ ዓይኗን ሳትገልጥ «የኑ፣ ምን ይታይሻል?» አለችኝ።

«ሩዝ» አልኳት። «የሩዝ ማሳ ነው። ውሃው ውስጥ ነጫጭ ወፎች ቆመዋል።»

«ከዚያስ?»

ከዚያማ ያየሁትን ሁሉ እየነገርኳት ሄድኩ። ሜዳው አልቆ ዳገቱ ሲጀምር በቆሎው ከሰው በላይ ቆሞ፣ ከበቆሎው በላይ ጤፉ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ዳጉሳው ገና አረንጓዴ ሆኖ፣ ቤቶቹ ከእርሻው መሀል ከነጭሳቸው ብቅ ብቅ ብለው ነበር፤ እኔም አንዱንም ሳላስቀር፣ የታሰረችውን በቅሎ፣ የተገለበጠውን ጋሪ፣ ዣንጥላ ይዘው የቆሙትን ቄስ ሳይቀር እየቆጠርኩ ነገርኳት። መኪናዋ ጠጠሩ ላይ ስትዘል እማዬ ጥርሷን ነክሳ ታቃስትና ሕመሙ ሲያልፍላት «ከዚያስ?» ትለኝ ነበር። አገሩ እንዲያ ያማረ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ ማማሩ ግን ይረብሸኝ ነበር። እናቴ እንዲህ እየሆነች ማሳው ለምን እንዲያ እንደሚስቅ አልገባኝም።

አለምበር የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ገደሉን ተጠግተን ስንሄድ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ከሰማይ ጠርዝ ሲወድቅ አየሁ። አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም፤ ገደሉ ላይ እዚህም እዚያም ነጭ ሆኖ ይንዠቀዠቅ ነበር። «እማዬ፣ ውሃው ከገደል እየወደቀ ነው! እንደ ነጠላ ነጭ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እሷም ዓይኗን ለመግለጥ እየሞከረች ፈገግ አለች። ወዲያው መኪናዋ ቆመች። ያ የወደቀው ውሃ ከሥር ተጠራቅሞ መንገዱን እያቋረጠ ይፈስ ኖሯል።

አያ ደምሌ ወርደው አዩና ወደ ኋላ መጥተው «ሞላ፣ ይኼ ውሃ መኪና ይወስዳል። እስኪጎድል እንቆይ» አሉ።

«አያ ደምሌ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፤ የምትቆይ ሴት አይደለችም» አለ አባዬ። ከቤት ከወጣን ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማሁት። «ከፊት ከፊትዎ እየገባሁ ጥልቀቱን አሳይዎታለሁ። እኔን ካልወሰደኝ ይከተሉኝ።»

ጉሉኮሱን እኔ እንድይዝ ሰጥቶኝ ወረደ። በቀዳዳው አየሁት፤ ዱላውን ውሃው ውስጥ እየተከለ ገባ፣ ውሃው ጭኑ ላይ ደረሰ፣ ወገቡ ላይ ደረሰ፣ አንዴ ተንሸራቶ ወደቀና ጠፋ፣ ከዚያ ድንጋይ ይዞ ብቅ አለ። እማዬ «አባትሽ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ሽንቱን ሊሸና ወረደ።»

«ውሃውስ? አሁንም ይታይሻል?»

«ይታየኛል» አልኳት፤ እንባዬ አንገቴ ላይ ይወርድ ነበር። «በጣም ያምራል እማዬ። ፀሐይ መትቶት ቀስተ ደመና ሠርቷል።» ፀሐይ የሚባል ነገር አልነበረም።

ውሃውን ተሻገርን። መኪናዋ መሀል ላይ አንዴ ብትንሳፈፍም አያ ደምሌ «ሩፋኤል!» ብለው አወጧት። አባዬ እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ ሲገባ ልብሱ የሚንጠባጠበው እማዬ ላይ እንዳይሆን ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ጉሉኮሱንም እኔው እንደያዝኩ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ አለም ሳጋ የሚባለው ጫካ ነው። ጉሙ ዛፎቹን ሁሉ ውጦ፣ በቀዳዳው ከነጭ ጉም በስተቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። «ከዚያስ?» ትላለች እማዬ፤ ድምጿ አንሷል። እኔም ፈጠርኩ። ጉሬዛ ፈጠርኩ፣ ልጁን አዝሎ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘል። ሰባት ቦታ የሚወድቅ ፏፏቴ ፈጠርኩ፣ ከሥሩም ቤተ ክርስቲያን ሠራሁለት። ከዚያ ግን አለቀብኝ። እጄ ዝሎ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ምን ልበል ስል ዝም አልኩ። ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልኩ አላውቅም፤ ብቻ «ከዚያስ?» የሚል ሳልሰማ ቀረሁ።

ቆነጠጥኳት፣ አልነቃችም። አባዬ ዘሎ መጥቶ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ «አበባ! አበባ!» እያለ ይጮህ ጀመር። አንቺ እያለ እንጂ በስሟ ሲጠራት ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደብረ ታቦር ሆስፒታል በር ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እየጮህን ነበር፤ በነጭ ጋዋን የመጡት ሰዎች እጇን ከእጄ ነጥለው ወሰዷት።

እማዬ ተረፈች። ልጁ ግን ሞቶ ነው የወጣው፤ ወንድ ነበር። አባዬ በነጠላው ጠቅልሎ ይዞት ወጣና፣ ክርስትና ስላልተነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀብሮት ተመለሰ። ጥፍሩ ውስጥ ቀይ አፈር ነበር። አጠገቤ ግንቡ ሥር ተቀመጠና «ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ እናትሽን አቆየሽልን» አለኝ። እኔ ግን አላመንኩትም። ጫካው ውስጥ ዝም ስል ነው የሞተው ብዬ ደምድሜ ነበር፤ አንድ ፏፏቴ፣ አንዲት በቅሎ ብጨምር ኖሮ ይኖር ነበር ብዬ።

የእማዬ ቁስል እስኪሽር እዚያው ከርመን በመስከረም መጨረሻ በአውቶቡስ ስንመለስ ኮረብታው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። እማዬን መስኮት ጋ አስቀመጥናት። ያን ገደል ስናልፍ ውሃው ቀጥኖ ክር አክሏል፤ እሷ ግን አንድም ነገር አልጠየቀችም፣ ወደ ውጭም እምብዛም አላየችም። ቀሚሷ ደረቱ ላይ ረጥቦ ነበር፤ ወተቷ የሚጠባው እንደሌለ አላወቀም ነበርና። ነጠላዋን ደራርባ ሸፈነችው፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

ኅዳር ላይ ሩዙ ታጨደ። ያ ሁሉ ውሃ ስለነበር አዝመራው አምሮ ነበር፤ ሰው «ዘንድሮስ ሰጠን» ይል ነበር። እማዬ ነዶ መሸከም ተከልክላ አውድማው ዳር ተቀምጣ ትውል ነበር፤ ሰው ሲያናግራት ትመልሳለች፣ ሳያናግሯት አታወራም። እኔ ዝምታዋ ያስፈራኝ ስለነበር ጓያው እስኪዘራና በጋው እስኪጠና ድረስ ከጎኗ እየተቀመጥኩ ስለ ምኑም ስለ ምኑም ስቀባጥር እውል ነበር። አባዬ «ልጅቱ ምላሷ ረዘመ» እያለ ይገረም ነበር። ዝም በማለቴ ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ግን አንድም ቀን ለማንም አልተነፈስኩም።

አድጌ፣ ተምሬ፣ ራሴ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ወረታ ከምናሉ ቤት በረንዳ ላይ ከእማዬ ጋር ሩዝ ስንለቅም፣ ሳላስበው ከአፌ የወጣው። እማዬ እጇን ሳታቆም አዳመጠችኝ።

«ልጁማ» አለች፣ «ገና ውሃው መሀል፣ ቃሬዛ ላይ ሳለሁ ነው መንፈራገጡን የተወው። እኔ አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ? አባትሽ ተስፋ ቆርጦ እንዲቀመጥ? አንቺስ?» ጠጠሩን ከሩዙ ለይታ ጣለች። «የኔም ዓይን እኮ መከደን አምሮት ነበር። ግን አንቺ ያን ሁሉ ስትይ፣ ይቺን ልጅ እንዲህ እያወራች ጥያት ብሄድ ምን ይውጣታል እያልኩ ነው የጠየቅኩሽ።»

አለቀስኩ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም። ትከሻዬን አንዴ መታ መታ አደረገችኝና ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋችው።

ያ መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። በመስከረም ፏፏቴው ሲያምር መንገደኛው መኪና አቁሞ ፎቶ ይነሣል፤ እኔም ወርጄ አይቼዋለሁ፣ እውነትም ያምራል። የመንደራችን ሴቶች ብዙዎቹ አሁን ጤና ጣቢያ ነው የሚወልዱት። ሜዳው ግን ዛሬም በክረምት ይሞላል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ መንገዱ ከውሃ በባሰ ነገር ይዘጋል፣ መኪናውም ይጠፋል፣ ያኔም ቃሬዛው እንደ ድሮው ከየቤቱ ይወጣል። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርኩ፣ ትልቅ ሰው ስሆን ይህ ሁሉ የሚያበቃ ይመስለኝ ነበር። ይኸው ትልቅ ሰው ሆኛለሁ፤ ሰኔ በገባ ቁጥር ግን እርጉዝ ሴት ካየሁ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የምጠይቃት ቤቷ ከመንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው።