ለኡሱን መሬት ካርታ ፍለጋ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሆላንድ ውስጥ ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከኦስዶርፕ ወጣን። እኔ ስሎተርቫርት በሚባል ገበያ ቅመም እሸጣለሁ። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ኡሱን ከቦርኒዮ ደሴት የመጣች የካያን ብሔረሰብ ሰው ናት። የሁለታችንም ሆላንድኛ ሰባራ ስለሆነ እንግባባለን፤ ከደንበኛ ሌላ የሚያናግረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

አንድ የፓልም ዘይት ኩባንያ የመንደሯን ደን «ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት» ብሎ ሊወስደው ነው። ቀያሾቹ በወሩ መጨረሻ ይገባሉ። ሆላንዶች ያን አገር በቅኝ ሲገዙ ያነሱት ካርታ ዴን ሃግ ከተማ ቤተ መዛግብት ውስጥ እንዳለ ሰምታ፣ «አንተ መከራከር ታውቃለህ፣ አብረኸኝ ና» አለችኝ።

ዴን ሃግ፣ አራት ሰዓት ተኩል

በባቡሩ መስኮት ሜዳ፣ ቦይ፣ ላም፣ እንደገና ቦይ። እዚህ አገር ያልተለካ ሣር ያለ አይመስለኝም።

ቤተ መዛግብቱ ውስጥ ብዕር ክልክል ነው፤ እርሳስ ሰጡን። ካርታው ሲዘረጋ ኡሱን ወንዟን ሳትነካው በጣቷ ተከተለችው። መታጠፊያው ላይ አንዲት ነጥብ፣ አጠገቧ «የተተወ መንደር» የሚል ጽሑፍ። ክው አልኩ።

«ኡሱን፣ ይሄን ቶሎ መልሺላቸው። ለኩባንያው ምስክር ልትሆኚለት ነው!»

«ወይ ነጋዴ!» ብላ ሳቀችብኝ። «እኛ ጋ መንደሩ በየጊዜው ቦታ ይቀይራል። ደኑን መጀመሪያ የመነጠረው ሰው ልጆች ግን ጥለውት ቢሄዱም መሬቱ የእነሱ ነው። ለፍሬው የተከሉት የዱሪያን ዛፍ እዚያው ቆሞ ይመሰክራል። ሰው ያልኖረበት ቦታ እንዴት ‹የተተወ› ይባላል?»

እኔ አገር የአባቴን ማሳ «ልጁ የለም» ብለው ለሌላ ሰጥተውታል።

ሮተርዳም፣ ስምንት ሰዓት

ወደቡ አጠገብ በአራት ዩሮ የተጠበሰ ድንች ገዝተን፣ ንፋስ እየመታን ከኡሱን አጎት ጋር በላን። ጡረታ የወጡ መርከበኛ ናቸው። ከቤተ መዛግብቱ ያስወጣነውን የካርታውን ቅጂ ዘርግተው አዩት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ቀያሾቹ ሲመጡ ይሄን ዛፍ አያቴ ተከሉት፣ ያንን እህታቸው የሚል ማን አለ?»

«ወንድሜ አለ።»

«እሱ አያትሽ ሲሞቱ መች ተወለደ? ከአያትሽ ጋር ወደተተወው መንደር እየሄድሽ ፍሬ ስትለቅሚ ያደግሽው አንቺ ነሽ።»

መሄዷ እንደሆነ ገብቶኝ ደነገጥኩና ጣልቃ ገባሁ፤ «በቪዲዮ ብትነግራቸውስ?»

ሽማግሌው ዞረው አዩኝ። «ልጄ፣ ለእሷ አስበህ ነው ወይስ ለራስህ?»

ኦስዶርፕ

በሳምንቱ ወደ መንደሯ ሄደች። ሻንጣዋን እስከ ትራሙ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። በዚህ ጉዞ መሬት ጥለውት ስለሄዱ ብቻ እንደማይጠፋ፣ የሚያውቀው ሰው ሲጠፋ ግን አብሮ እንደሚጠፋ ተማርኩ። ከላይ አዲስ ተከራይ ገብቷል። ሰላምታ ያውቅ እንደሆን ገና አልሞከርኩትም።

ትናንት መልእክት ላከች። ቀያሾቹ ዛፎቹን አንድ በአንድ እየጻፉላት ነው። «አንዱን ማን እንደተከለው ጠፋኝ፤ አላውቅም ብዬ አስመዘገብኩ» ትላለች።

እኔ ብሆን ስም እፈጥርለት ነበር። ያን ጊዜ ስለቀሩት ዛፎች የምናገረውንስ ማን ያምነኝ ነበር?