ሰይድ ከሜዳ የወጣበት ቀን

በድርቁ ዓመት ግጥሚያ ከግቡ ጀርባ እናቴና እኔ፣ በግራሩ ጥላ ሥር የዋጃ ሰዎች፣ በመንገዱ በኩል ደግሞ የእኛው የቆቦ ጎረምሶች ቆመን ነበር። ዛሬ የልጅ ልጄ ሲጫወት ለማየት መጥቼ ጭብጨባ ብሰማ፣ ያ ግጥሚያ ትዝ አለኝ።

በእኛ ሜዳ ተመልካቹ ስሙን እየጠራ የሚያጨበጭብለት ተጫዋች፣ ጭብጨባው ሳይቆም አይወጣም፤ መውጣቱ ነውር ነበር። ወንድሜ ሰይድ ከዋዜማው ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። መንገዳገዱን ሲያዩ ጎረምሶቹ፣ «አይዞህ ሰይዶ!» እያሉ አጨበጨቡለት። ወደቀ፤ ተነስቶ ደግሞ ሮጠ።

እናቴ ሜዳውን አቋርጣ ወደ ጎረምሶቹ ሄደች።

«በአላህ ይሁንባችሁ፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ልጄን ልትገድሉት ነው።»

«እትዬ፣ የዋጃ ሰው ይሳቅብን እንዴ?» አለ አንዱ።

«ይሳቅ። የሚስቅበት ጉልበት ካለው ይሳቅ።»

ጭብጨባው ቆመ። ሰይድ እዚያው ቁጭ አለ። እናቴ ክንዱን ይዛ ስታወጣው ከግራሩ ሥር ማንም አልሳቀም። ያኔ ልጅ ነበርኩና ያዋረደችው መሰለኝ።

«እማማ፣ አጨብጭቡ እንጂ!» አለኝ ዛሬ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት።

የእናቴ ቃል በጆሮዬ ስላለ ሳላጨበጭብ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁና በሰዉ መሃል አልፌ ወጣሁ።