ለባለ ስድስቱ የተጣለው ዳስ

አባቴ ያን ዕለት ያለቀሰው ለማን ነበር? በስልክ ጠጋኝ ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ፣ የሚቀልጥ የብየዳ ስታኞ ጭስ አፍንጫዬን ሲነካው፣ ይህ ጥያቄ ይመለስብኛል። «ለሁለቱም ነው» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር፤ እኔ ግን እንዲህ ያለ መልስ አይዋጥልኝም፣ ሌላም አላገኘሁለትም።

ቤታችን ከሚሴ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነበር፤ ፊት ለፊቱ የአባቴ የራዲዮና የቴፕ መጠገኛ፣ ጀርባው መኖሪያችን። አባቴን ሰው ሁሉ በበኩር ልጁ ስም «አባ ሰይድ» ይለው ስለነበር፣ የገዛ ስሙን እኔ እንኳ ያወቅሁት ዘግይቼ ትምህርት ቤት ስመዘገብ ነው።

ክረምት ገብቶ ቦርከና ሲሞላ፣ የጨፋ ሜዳ ገበሬ ጭቃው አላላውስ ብሎት ከገበያ ሲቀር፣ የአባቴም ሥራ ይቀዘቅዝና የጊታሪስቱን ካሴት ከፍ አድርጎ ይከፍት ነበር። ጊታሪስቱ የአዲስ አበባ ሰው ነበር፤ አንዳችንም በዓይናችን አይተነው አናውቅም። ባቲንና አምባሰልን፣ የገዛ አገራችንን ቅኝቶች፣ ወስዶ ከጃዝ ጋር ያስማማቸዋል፤ ዘፋኝ ስለሌለው ቃሉን ሁሉ የሚናገሩለት የጊታሩ ስድስት ክሮች ነበሩ፣ ስለዚህም የአባቴ ወዳጆች «ባለ ስድስቱ» የሚል ስም አወጡለት። ከወዳጆቹ አንዱ ከጎጃም ተመድበው የመጡት የታሪክ አስተማሪ መምህር ታደሰ ሲሆኑ፣ ሌላው በዚያው መንገድ የጭነት መኪና የሚያመላልሰው እንድሪስ ነበር። ካሴቱ በዞረ ቁጥር ክርክራቸው አብሮ ይዞር ነበር።

«ባቲን በዓይኑ ያላየ ሰው እንዲህ አይመታትም» ይላል አባቴ። «ሰኞ ገበያዋ መሃል ቆሞ ግመል ሲያገሳ የሰማ ነው።»

«ኧረ አባ ሰይድ፣ ጃዝ እኮ ነው!» ይላሉ መምህር ታደሰ። «የጥቁር አሜሪካውያን ጥበብ ነው።»

«እነሱስ ከየት አመጡት?»

«ከባቲ በግመል ጭነው» ይልና እንድሪስ ሁሉንም ያስቃቸዋል።

ወንድሜ ሰይድ በዚያ ሳቅ መሃል ካሴት በእስክሪብቶ እያጠነጠነ ይቀመጥ ነበር። እኔ ያኔ እናቴን ለማገዝ ቤት ስለቀረሁ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርሁት ሰይድ የካሴት ሽፋን እየዘረጋልኝ፣ «ራቢ፣ ይችን በይ እስቲ» እያለኝ ነው። ስሳሳት አይስቅብኝም፤ ካሴቱን አዙሮ «ሁለተኛው ገጽ ላይ ታውቂዋለሽ» ይለኝ ነበር።

አንድ ዓመት ማሽላው ታጭዶ እንዳለቀ፣ ሰይድ ከጓደኞቹ ጋር ሰንበቴ ገበያ ወረደ፤ ከዚያ ከከብት ነጋዴዎች ጋር ወደ አፋር፣ ከአፋር ወደ ጅቡቲ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ። አልተሰናበተንም። ከዚያ በኋላ ወሬው አንዴ ጀልባዋ ሰጠመች፣ አንዴ እስር ቤት ነው፣ አንዴ በግ ሲያግድ ታየ እያለ ይመጣ ነበር። እናቴ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት፤ «በዓይኑ ያየ ይምጣና ይንገረኝ። እስከዚያ ልጄ አለ» ትል ነበር። ስሙን የሚያነሳ ሁሉ «አላህ ያምጣው» እንዲል ትጠብቅ ነበር፤ አንዲት ሴት ሰርግ ቤት ሽንኩርት ሲልጡ ምላሷ አዳልጧት «አላህ ይዘንለት» ብትል፣ እናቴ ቢላዋዋን ጥላ ወጥታ ዳግመኛ የሴትዮዋን ደጅ አልረገጠችም።

በእኛ አገር ሐዘንን የሚሸከመው ቅሬ፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ነው። ሰው ሲሞት ዳስ ይጥላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ሐዘንተኛውን ከብቦ ይቀመጣል፤ የሐዘንተኛው ቤት እሳት አይነድበትም፣ እህሉ ከጎረቤት በስሎ ይመጣል። ቅሬ ግን መርዶ ይፈልጋል፣ ለሰይድ ደግሞ መርዶ አልነበረም። እኛም ሳናለቅስም ሳንስቅም ከረምን። አባቴ የባለ ስድስቱን ካሴቶች ሳጥን ውስጥ ከተታቸው፤ ሰው «አባ ሰይድ» ብሎ ሊጠራው ሲል መሃል ላይ ምላሱ ይያዝ ጀመር።

በተከታዩ በጋ፣ ፀሐይ አናት ላይ በወጣችበት ሰዓት፣ ከመደርደሪያው ኋላ ተቀምጬ ቡሎን ስለይ እንድሪስ ገባ። እንደ ልማዱ አልቀለደም።

«አብሮት ጀልባዋ ላይ የነበረ ልጅ ተመልሷል» አለው አባቴን። «ሰንበቴ አገኘሁት።»

አባቴ ቀና አላለም። «በዓይኑ አይቷል?»

«በዓይኑ።»

የቀለጠው ስታኞ አውራ ጣቱ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ፤ እሱ ግን አላወቀውም። «ለእናቱ እኔ እነግራታለሁ» አለ።

አልነገራትም። በየቀኑ እጠብቅ ነበር፤ ወደ ጓዳ ይገባል፣ አጠገቧ ይቆማል፣ አፉን ይከፍታል፣ ከዚያ ውሃ ይጠይቃታል። እሷም ትቀዳለታለች። እኔም አባቴ ያልተናገረውን ልናገር አልደፈርሁም፤ ነገሩ የእሱ ነበርና።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ጠዋት፣ አባቴ የሰው ራዲዮ ጠግኖ ሲከፍተው፣ የመጀመሪያው ድምፅ የባለ ስድስቱን ሞት የሚናገር ሆነ። በእርጅና ታመው ቆይተው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ አለ ራዲዮው፤ ቃሉን ዛሬም አልረሳሁትም። አባቴ ራዲዮውን ዘጋ። የሱቁን አንድ መዝጊያ ገፋና በጨለማው ግማሽ ተቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ሰማያዊውን ሸራ አወጣ፣ ደጃችን ላይ በግንድ ወጠረው፣ ሰሌን አነጠፈ፣ ካሴቶቹንም ከሳጥኑ አውጥቶ አንዱን ድምፁን ዝግ አድርጎ ከፈተው።

መምህር ታደሰ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው መጡና እንደ ወንድማቸው አለቀሱለት። እንድሪስ መኪናውን ዳር አቁሞ ገባ፤ ከኋላው ሌሎች ሾፌሮች። ባለ ስድስቱ ይህን ያህል ወዳጅ በከተማችን እንዳለው አላውቅም ነበር፤ የአውቶቡስ ረዳት፣ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም አባቴ የቀዳላቸውን ካሴት እያነሱ፣ የትኛውን የት ሆነው እንደሰሙት እየተናገሩ ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጡ ነበር። ልብስ ሰፊው «እኔ ስፌት የለመድሁት በእሱ ምት ነው፤ መኪናዬ አብራው ነው የምትሄድ» ሲል ማንም አልሳቀበትም።

መንገዱ ግን ሳቀ። «ለጊታር ዳስ ተጣለ! ነገ ለክራር ቅሬ ልንገባ ነው!» እያሉ የባጃጅ ልጆች ያልፋሉ። እናቴም ከጓዳ በር ብቅ ብላ፣ «ወይ ጉድ! ስሙን እንጂ መልኩን ለማታውቀው ሰው!» አለችና ተመለሰች።

ከዙሁር ሶላት በኋላ የቅሬያችን ሽማግሌ ሼህ ይማም ሲመጡ፣ ዳሱን አፍርሱ ሊሉ ነው ብለን ሁላችንም ፈራን። እሳቸው ግን ጫማቸውን አወለቁ፣ ተቀመጡ፣ ቴፑ እንዲዘጋ በእጃቸው አመለከቱና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ከአገሩ ርቆ ለሞተው ልጃችን አላህ ይዘንለት፤ ለኛም ሶብሩን ይስጠን።»

«አሚን።»

እኔ በር ላይ ቆሜ ግራ ገባኝ። ራዲዮው «በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ» ነበር ያለው፤ ደግሞም ሽማግሌ ነበሩ፣ እንዴት «ልጃችን» ይባላሉ? ከዚያ አባቴን አየሁት። ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መምህር ታደሰም ምንም ሳያውቁ ጀርባውን ደባበሱት፤ «አይዞህ አባ ሰይድ፣ ሥራው እኮ አይሞትም» አሉት። አባቴ የባሰውን አለቀሰ።

በዚህ መሃል የአባቴ እህት አክስቴ ከድጃ ከጨፋ ወደ ገበያ ስትወጣ ዳሱን ከሩቅ አየችው። በወንድሟ ደጅ ዳስ ማለት ለእሷ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የተሸከመችውን ጥላ ሻሿን ከራሷ እየገፈፈች፣ «ያ ሰይድ! ያ ኢልመኮ! ልጄ!» እያለች እየጮኸች መጣች።

ዳሱ ውስጥ የነበረ ሁሉ ደረቀ። እናቴ ከቤት ወጣች፤ ያቺ ቢላዋ የጣለች እናቴ፣ በአክስቴ ላይ ምን ልታወርድ እንደሆነ እያሰብሁ እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። እሷ ግን የአክስቴን ሁለት እጆች ያዘቻቸው።

«ዝም በይ፣ ከድጃ። የሞተው ሙዚቀኛ ነው፤ የወንድምሽ ወዳጅ።»

«ሙዚቀኛ? የማን ልጅ ነው?»

«የሰው ልጅ ነው» አለች እናቴ። «ከመጣሽ አይቀር፣ ተቀመጪና አልቅሽለት።»

ራሷም አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መልኩን ለማያውቁት ሰው፣ እስከ አሱር ሶላት ድረስ አለቀሱ። እኔ ርቦኝ ማድቤት ስገባ ምድጃው ቀዝቅዟል፤ እናቴ አባቴን አኩርፋ መሰለኝ። ጎረቤታችን ጦይባ በሰሃን ከድና ያመጣችውን ገንፎ በላሁ።

በሦስተኛው ቀን ዳሱ ተነሳ። በመስከረም መምህር ታደሰ አባቴን ለምነው ትምህርት ቤት አስገቡኝ፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በቁመት እበልጥ ነበር። እናቴ የሰይድ ስም በተነሳ ቁጥር «አላህ ያምጣው» ማለቷን አልተወችም፣ አባቴም «አሚን» ማለቱን አልተወም። እሱም ሳይነግራት ሞተ፤ ቅሬው ባለ ብረት ቋሚ ድንኳኑን ተከለለት።

ዛሬ የባለ ስድስቱን ሥራ ተማሪዎቼ በስልካቸው ይሰሙታል፤ የሚወዱት ሙዚቀኛ ሲሞት ፎቶውን ከሻማ ጋር ይለጥፋሉ፣ በማግስቱ ሌላ ፎቶ ይተካል። አልነቅፋቸውም፤ እነሱም ያዝናሉ። ግን ፎቶ ሥር ጫማ አውልቆ የሚቀመጥ፣ የራሱንም ሟች ይዞ ተጠግቶ የሚያለቅስ ሰው ቦታ የለውም። አባቴ ለሌላ ሰው ሞት በተወጠረ ሸራ ሥር ለራሱ ሟች ቦታ አገኘ። ደግሞ ባለ ስድስቱን ከልቡ ይወደው ነበር። ጥያቄዬ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው የማሾ ወቅት እናቴ ደጃፍ ላይ ሰፌድ ይዛ ማሾ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥሁና ነገርኋት። እንድሪስ ያለውን፣ በዓይኑ ስላየው ልጅ፣ ጣቱ ላይ ስለወረደው ስታኞ፣ አባቴ በየቀኑ ውሃ እየጠየቀ ስለመመለሱ፣ ሁሉንም ነገርኋት። ጣቶቿ አልቆሙም። ከማሾው አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለች።

«አንቺ ዳሱ የተጣለ ዕለት ምን በላሽ?» አለችኝ።

«ከጦይባ ቤት የመጣ ገንፎ።»

«ለምን ከጦይባ ቤት?»

ከሰፌዱ ቀና ብዬ አየኋት።

«እሳት አላነደድሁም እኮ፣ ራቢ» አለችና ሰፌዱን አንጓለለች።