ያቋረጥኩት ሥራ

እናታችን ከሞተች በኋላ ታናሽ እህቴን የእናታችንን ስም ቤት ውስጥ እንዳታነሳብኝ ከለከልኳት። ጨክኜ አይደለም፤ መስማት ስላቃተኝ ነው። እሷም እሺ አለችኝ። ሽሮ ሜዳ ባለችው ቤታችን ሁለታችን ብቻ ቀርተን ነበር። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን፤ ጠዋት ጠዋት እሷ ትነካካዋለች፣ ሥራ ስትሄድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እኔ ጳውሎስ ሕክምና ኮሌጅ ላሉ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እተይብበታለሁ።

አንድ ሰሞን ኮምፒውተሩ ኤሊ ሆነ። አንድ ፊደል ነክቼ እስኪታይ እጠብቃለሁ፤ ትዕግሥት ደግሞ ድሮም አልፈጠረብኝም። ውስጥ ለውስጥ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈትኩ። አብዛኞቹን አላውቃቸውም። አንዱ ግን የማሽኑን ጉልበት ብቻውን ይበላል፤ ስሙም የተዘበራረቀ ፊደልና ቁጥር ነው። ቫይረስ ነው ብዬ አቋረጥኩት፣ ኮምፒውተሩም ወዲያው ነፍስ ዘራ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። አሁንም አቋረጥኩት። እንዲህ ስንባባል ወራት አለፉ፤ እልህ ያዘኝ።

እህቴ ከሥራ ስትገባ አንዳንዴ ዛሬም መብራት ሄዶ ነበር ወይ ትለኛለች። በእኛ ሰፈር የመብራት መሄድ ብርቅ ስላልሆነ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት አዎ እላታለሁ።

ከዚያ ታመመች። ሆስፒታል የተኛች ዕለት ስለ ሕመሟ ምንም ሳታነሳ፣ "ኮምፒውተሩን ከፍቼው ነው የመጣሁት፤ በናትሽ እንዳትዘጊው" አለችኝ። የሚያጣድፈኝ ተማሪ ስለነበረ ከሰዓት ወደ ቤት ተመለስኩ። እንዳለችኝ ኮምፒውተሩን አልዘጋሁትም። ያንን ፕሮግራም ብቻ እንደ ልማዴ አቋረጥኩት።

እህቴ ከሆስፒታል አልወጣችም። ከቀብሯ በኋላ ሥራ ስጀምር ዝርዝሩን ከፈትኩት፤ ፕሮግራሙ የለም። በማግስቱም አልመጣም። በየጠዋቱ ማን ያስጀምረው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

በስሙ ፈልጌ "የእማዬ ካሴት" የሚል ፎልደር ውስጥ አገኘሁት። እናታችን የመዘምራኑን መዝሙር እቤት ስትለማመድ በቴፕ የቀዳችው ነበር፣ እህቴ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጣዋለች፤ ፕሮግራሙ ድምፅዋን ከካሴቱ ሽውታ ያጠራል። ዘገምተኛ ነው፣ ከተቋረጠም ከመጀመሪያው ይነሳል። ሳያልቁ የቀሩ ፋይሎች ተደርድረዋል። ሁሉም የቆሙት ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ለሥራ በምቀመጥበት ሰዓት ነው። የእናታችንን ስም ከልክያት በድብቅ ስትደክም ኖራ፣ አንድ ቀን እንኳ ጠርቶ ሳትሰማው ሄደች። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አስጀመርኩትና ወንበሩን ራቅ አድርጌ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ጨረሰ። እናታችን ትዘምራለች። አጠገቧ ደግሞ ቃሉን በቅጡ የማታውቅ ሕፃን ትከተላታለች፤ እህቴ ናት። ድሮ ካሴቱን ስንሰማው ይህ በሽውታው ተውጦ ነበር። ከዚያ እኔ በልጅነት ድምፄ እየጮህኩ ገባሁባቸውና መዝሙሩ ተቋረጠ።

"ቆይ እስኪ አንቺ" አለች እናቴ፣ "እህትሽ ትጨርስ።"