የኔታ የማይችሉት

አስማት ልማር የተነሣሁት ለክፉ አልነበረም፤ አንዲት ሴት ወድጄ ነው። ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ እንሠራ ነበር፤ እሷ ፈትል ክፍል፣ እኔ መጋዘን። ሰላሳ ዓመት አልፎኝ እንኳ ፊቷ ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። አንድ እሑድ በታንኳ ወደ ዘጌ ተሻገርሁና መድኃኒት አዋቂ ናቸው ከሚባሉት ደብተራ ደጅ ቆምሁ። ኋላ እንደ ተማሪዎቻቸው ሁሉ የኔታ ማለት ለመድሁ። መስተፋቅር እንደምፈልግ ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ "ጠይቀሃታል?" አሉኝ።

"አልጠየቅኋትም፣ አባቴ።"

"በል ሂድና ጠይቃት። መጀመሪያ ግን ያንን ጢምህን ተላጭ።"

ተላጭቼ ጠየቅኋት፤ እምቢ አለችኝ። በሳምንቱ እየተንገበገብሁ ተመለስሁ። "እንግዲያው ተዋት" አሉ፤ "እምቢ ያለን ልብ የሚመልስ ቅጠል እኔ አላውቅም።" ተናደድሁ። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን፣ አላውቅም የሚል አዋቂ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም ነበርና፣ ያስተምሩኝ አልኋቸው።

ገና ከመነሻው ድግምትና ክታብ የሚያስይዙኝ መስሎኝ ነበር። ምን ቆርጧቸው! ክረምቱን ሙሉ ቅጠል ሲያስለቅሙኝ ባጁ። ግዛዋን ከምስርች ለይ፣ መርዘኛውን አስተናግር ከሁሉም ለይ፣ አሽትት፣ እንደገና አሽትት። ብራና መንካት ክልክል ነው። "ጀማሪ ይገድላል እንጂ አያድንም" ይሉ ነበር። የባሰው ደግሞ፣ ስለ አንድ ሥር ስጠየቅ የሚያደርገውን ከመናገሬ በፊት የማያደርገውን መናገር ነበረብኝ። "ይኼ ለሆድ ቁርጠት ነው" ካልሁ ዱላቸው እግሬን ትነካለች። ይኼ ወባ አያሽርም፣ መካን አያስወልድም፣ ጥይት አይመልስም፣ ለሆድ ቁርጠት ግን ይረዳል፤ እንዲህ ነው የሚባለው። ስሰለች፣ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይሉኛል።

አብሮኝ የጀመረ አንድ የአንበሳሜ ጎረምሳ ነበር። መስከረም ሳይጠባ ጥሎ ሄደና ባሕር ዳር ገበያው አጠገብ ቤት ተከራይቶ "የዘጌ ደብተራ" ሆኖ ቁጭ አለ። ሰው ይጎርፍለት ጀመር። እኛ ገና ቅጠል እናሸትታለን።

ብሔራዊ ውትድርና የመጣ ጊዜ እኔ ዕድሜዬ ስላለፈ አልተፈለግሁም። የአክስቴ አንድያ ልጅ ግን ስሙ ቀበሌ ተለጠፈ። አክስቴ ገበያ ላይ ጌሾ እየሸጠች ብቻዋን ያሳደገችው ልጅ ነው። እያለቀሰች መጥታ የኔታ ዘንድ ውሰደኝ አለችኝ፤ ወሰድኋት። ልጇን ከዓይን የሚሰውር ክታብ ለመነቻቸው።

የኔታ እስክትጨርስ ሰሟት። "ልጄ፣ ሰው ከዓይን የሚሰውር ነገር የለኝም፤ ማንም የለውም። ዘመድ ካለሽ በታንኳ ወደ ጎርጎራ ላኪውና እዚያ ይክረም። ከዚህ የተሻለ መሰወሪያ አላውቅም" አሏት።

እሺ ብላ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። ታንኳው ከዳር ሳይርቅ ግን፣ "ነፈጉኝ" አለች።

"እትዬ፣ የላቸውም እኮ።"

"አንተ ሞኝ! የለኝም የሚለው ያለው ሰው ነው። አዋቂ ዕውቀቱን መቼ ሰጥቶ ያውቃል?"

እውነቷን ነው፤ በእኛ አገር መድኃኒት አዋቂ ሥሩን ለልጁ እንኳ የሚያሳየው ሊሞት ሲል ነው። ስለዚህ አልችልም ቢል የሚያምነው የለም። የኔታ እውነቱን በተናገሩ ቁጥር ስማቸው እየገነነ ይሄድ ነበር።

በማግስቱ አንበሳሜው ዘንድ ሄደች። እሱ መቼ ነፍጎ! ክታቡን ጽፎ፣ በቆዳ ሰፍቶ ሰጣትና አንድ ትእዛዝ ጨመረበት፦ ልጁ ክታቡን አንግቶ ሲሄድ ማንም ቢጠራው እንዳይመልስ፣ ዞሮም እንዳያይ። የጎርጎራው ነገር በዚያው ቀረ። እኔ ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ ልጁንም ለብቻው ይዤ መከርሁት። አንገቱ ላይ ያለውን እየዳበሰ ሳቀብኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ልጁ ግን ሞኝ አልነበረም፣ እናቱን የሚያምን ልጅ ነበር።

ቅዳሜ ገበያው ላይ አፈሳ ተጀመረ። ጎረምሳው ሁሉ አጥር እየዘለለ ወደ ሐይቁ ሲሮጥ፣ የአክስቴ ልጅ በገበያው መካከል ደረቱን ነፍቶ ቀስ ብሎ ይመጣ ነበር። አክስቴ ጌሾዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። አብዮት ጠባቂዎቹ ከኋላው ብቅ ሲሉ አየቻቸው። ያን ጊዜ ክታቡም ትእዛዙም ጠፋባትና ስሙን ጠርታ፣ "ሩጥ! ልጄ ሩጥ!" ብላ ጮኸች። ሰምቷታል፤ አጠገቧ ደርሶ ነበር። ለመሮጥም ጊዜ ነበረው። አልመለሰላትም፣ አልዞረም፤ እንደታዘዘው ፊት ለፊቱን እያየ አለፋት። ከኋላ ክንዱን ያዙትና መኪና ላይ ጫኑት። ወደ ሰሜን ተላከ አሉ፤ አልተመለሰም።

አንበሳሜውን ላንቀው ሄድሁ። ለካ በዚያው ቅዳሜ እሱንም አፍሰውታል። አላዘንሁለትም፤ ዛሬም አላዝንለትም።

ሰንበትበት ብላ አክስቴ የኔታ ዘንድ ውሰደኝ አለችኝ። ልትረግማቸው መስሎኝ ፈራሁ። እግራቸው ሥር ቁጭ አለችና፣ "አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣ የኔታ። እሱስ ትእዛዙን ጠብቋል፤ እኔ ስሙን ጠርቼ ባልገልጠው ኖሮ ሳያዩት ያልፍ ነበር?" አለቻቸው።

የየኔታ ዓይን እንባ አቀረረ። "ልጄ፣ ክታቡ ከመጀመሪያውም ባዶ ነው። አንቺ ያፈረስሽው ነገር የለም። እናት ነሽ፣ ጠራሽው፤ ሌላ ምን አደረግሽ?" አሏት። ደጋግመው ነገሯት። እኔም ነገርኋት።

ጉልበታቸውን ስማ ተነሣች። ወደ ታንኳው ስንወርድ፣ "ደግ ሰው ናቸው" አለችኝ፤ "እንዳላዝን ብለው እኮ ነው።" እስክትሞት ድረስም፣ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ያልፍ ነበር ስትል ኖረች።