የማይሞተው ንጉሥ ሶንጎ ቀረበ

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት... በአንድ የማይሞት ንጉሥ ምክንያት ሽማግሌ ፊት ቀረብኩ። አትሳቁ። ዱመርሶ ድረስ ተጠርቼ፣ ሦስት አባቶች ፊት ቆሜ፣ ስለ ፊልም ቤተሰብ ቃሌን ሰጠሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በረከት ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። እኔ ዲላ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ እሱ ዱመርሶ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራል። ሊያገባ ነው፣ ሚዜው ደግሞ እኔ ነኝ። ይሄ ሰው ታዲያ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አንድ ተከታታይ ፊልም ይዞታል። ድራጎን ምናምን ያለበት፣ የሌለ ዓለም። ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ቤተሰብ አይሞትም። አባት፣ እናት፣ ሰባት ልጆች፣ ሺህ ዓመት ሙሉ እዚያው ናቸው። በረከት ስለ እነሱ ሲያወራ የሥጋ ዘመዶቹ ነው የሚመስሉት።

«እነሱን የሚያሸንፍ ገና አልተፈጠረም» ይላል።

አልተፈጠረም?! ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አንዲት ወጥ ሠሪ መርዝ አብልታ ሃያ ዓመት አስተኝታቸዋለች! ሺህ ዓመት ኖሮ ምግቡን የሚቀምስለት ሰው ያላስቀመጠ ንጉሥ ምኑ ነው ኃያል? እኔ በአርባ ደቂቃ ስንት ነገር አስተምሬ እወጣለሁ... እነዚህ በሺህ ዓመት የወጥ ቤታቸውን በር መቆለፍ አልተማሩም።

ደጋግሜ ብነግረው አይሰማም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ዲላ ቁርስ ቤት ተቀምጠን፣ እጮኛውና ሁለት ወንድሞቿ ባሉበት፣ እንደገና ስለ እነሱ እንባ እያቀረረ ሲጀምር አላስቻለኝም።

«ለማይሞት ሰው የሚያለቅስ ወንድ ትዳር ሊይዝ ነው... ልጅቷን እግዜር ይርዳት» አልኩ።

ወንድሞቿ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። በረከት ፉሉን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። ከሰዓት ላይ መልእክት ላከ፦ «ሚዜነቱን ተወው። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ብደውል አያነሳም። ለሰው «ለፊልም ያኮረፈ ጅል» እያልኩ አወራለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ሆዴ ባብቶ ነበር። ከእሱ ሌላ ጓደኛ የምለው ሰው የለኝም።

ሰርጉ አምስት ቀን ሲቀረው እናቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሁለታችሁ ሳትታረቁ ድንኳን አይጣልም። ነገ ጠዋት ሶንጎ ና» አሉ። ሶንጎ የጌዴኦ አባቶች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ነው። ሄድኩ።

አባቶቹ የመሬት ወይም የሴት ጠብ መስሏቸው ነው የመጡት። እዚያ አንዱ ሲናገር ሌላው ጣልቃ አይገባም። በረከት ቀድሞ ተነሳና ከድራጎኑ ጀምሮ ሁሉንም ዘረገፈው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ከሦስቱ ትልቁ አባባ ጂግሶ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው በጽሞና ሰሙት።

«በቃ፣ አይሞቱም?»

«አይሞቱም አባባ።»

«አይታመሙም?»

«በጭራሽ!»

«ይበላሉ ግን?»

በረከት ትንሽ አሰበ። «ይበላሉ።»

«ኧረ! ስንት እንሰት ሊበቃቸው ነው?» ብለው ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «አባትየው ካልሞተ መሬቷ መቼ ለልጅ ይደርሳል? ልጅየው ሺህ ዓመት አባቱ ቤት ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ሚስት አለው?»

«አለችው...»

«ምስኪን ሴትዮ።»

ሦስቱም ሳቁ። እኔማ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ፣ ጠመኔ ብቻ ነው የጎደለኝ፣ መርዙን፣ በሩን፣ የንጉሡን ጅልነት አንድ በአንድ አስረዳሁ። በረከት አንገቱን ደፋ። እያየሁት አላቆምኩም።

«ጨረስክ?» አሉ አባባ።

«ጨርሻለሁ።»

«ልክ ነህ። ይሄ ንጉሥ ኃይል የለውም።»

በረከትን አየሁት። አልዋሽም፣ በድል ነው ያየሁት።

«እኔ በእኛ በጌዴኦ ባሌ፣ ሹመት በየስምንት ዓመቱ በሚዞርበት ሥርዓት፣ በተራዬ ሹመት ነበረኝ» ብለው ቀጠሉ። «ስምንት ዓመት ሲሞላ ለሚቀጥለው አስረከብኩ። ሹመቱ አልከበደኝም። ማስረከብ ነው የከበደኝ። ሦስት ቀን እህል አልበላሁም። የእናንተ ንጉሥ ማስረከብን አንድ ቀን አልሞከረም።» ከዚያ ከዘራቸውን ወደ እኔ አነሱ። «አንተ መምህሩ... ይሄን ልጅ ከመቼ ጀምሮ ታውቀዋለህ?»

«ከአራተኛ ክፍል።»

«ከዚያ ወዲህ፣ እሱ ልክ ሆኖ አንተ የተሳሳትክበትን አንድ ቀን ንገረኝ።»

አሰብኩ... ኳስ፣ ፈተና፣ ሥራ፣ ሴት... አሰብኩ። ሁሉም ይጠብቀኛል። በረከትም ቀና ብሎ ይጠብቃል። እሱ ልክ የሆነበት ቀን መቼም አይጠፋም። «ልክ ነህ» ብዬ አፌን የከፈትኩበት ቀን ግን አንድም አላገኘሁም። ፊቴ ጋለ። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

«አየህ?» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «አንተም አታስረክብም። ዛሬ አስረክብ።»

ሌላ ካሳ አልጠየቁኝም። በሰው ፊት ያዋረድኩትን በሰው ፊት እንድመልስ ብቻ። «በረከት ልክ ነው... እነዚያ ሰዎች ኃያል ናቸው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቁርስ ቤት ያልኩትም ነውር ነው» አልኩ።

መጥቶ አቀፈኝና ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። እኔም... ተዉት።

እሁድ ሚዜ ሆኜ ከጎኑ ቆምኩ። ፎቶ ልንነሳ ስንል ለሙሽራዋ በጆሮዋ፣ እኔ እየሰማሁት፣ «አላልኩሽም? እሱ ራሱ አምኗል! የሚያሸንፋቸው የለም» አላት። ወደ ካሜራው ፈገግ አልኩ።

በእኔና በእናንተ መካከል ይቅርና... ያ ቤተሰብ አንዲት ወጥ ሠሪ የማይችል ልፍስፍስ ነው። ለበረከት የሚነግረው ግን ሌላ ሰው ይፈለግ፣ እኔ ሥልጣኔን አስረክቤያለሁ።