በጳጉሜ ያሳበብኩት ስህተት

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ በገዛ ታናሽ እህቴ ቀናሁ።

ምህረት አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። የወጣቶች ክፍል አብረን እንደገባን ያለምንም ሃፍረት፣ "ሲስተር፣ እርግዝና ለመከላከል ቀን መቁጠር አይበቃም?" አለች።

ነርሷ አልተቆጣችም። "በአንቺ ዕድሜ የወር አበባ ገና አይረጋም፤ ይቀድማል፣ ይዘገያል። በቆጠራ ብቻ አትተማመኚ" ብላ ሌሎቹን አማራጮች አንድ በአንድ አስረዳቻት። ምህረት መርፌውን መረጠች።

እኔን አሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ አክስቴ "ቀን ቁጠሪ" ብቻ ነበር ያለችኝ። ቆጠርኩ። ከነሐሴ በቀጥታ መስከረም ገባሁ፤ የጳጉሜን አምስት ቀን ረሳሁ። አረገዝኩ።

ያስረገዘኝ ልጅ ትምህርቱን ቀጠለ። እኔን "ለሌሎች መጥፎ ምሳሌ ነሽ" ብለው ከትምህርት ቤት አስወጡኝ። ልጄን አዝዬ የማታ ተምሬ ዲግሪዬን ይዣለሁ፤ ቅር የሚለው ይበለው።

ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ጳጉሜን ስረግም ኖሬያለሁ። ለካስ ጳጉሜን ብቆጥራትም ዋስትና አልነበረኝም!

ወደ ቤታችን፣ ወደ ሌሞ፣ ስንመለስ ጋሪ ላይ ምህረት "እትዬ፣ ምን አስኮረፈሽ?" አለችኝ።

"ቀንቼብሽ ነው።"

"በመርፌው?" ብላ ሳቀች።

"በመልሱ" አልኳት። "ጠየቅሽ፤ ተመለሰልሽ።"

እናንተስ፣ በዚያ ዕድሜ ስትጠይቁ ማን መለሰላችሁ?